ከካፒቴኑ ኋላ ያለው መቀመጫ

የሆነ ነገር ነው የምጽፍላችሁ።

ብታምኑኝ እሰየው። ባታምኑኝም አልፈርድባችሁም። እኔም ከሌላ ሰው ብሰማው «ይቺ ሴትዮ ነካ አድርጓታል» ብዬ ማለፌ አይቀርም ነበር።

ግን ቀኑን አውቀዋለሁ። ሐሙስ ነበር። ሰዓቱንም አውቀዋለሁ። ከጧቱ ሦስት ሰዓት... ፀሐይዋ ፍጥጥ ብላ ወጥታ፣ ሰማዩ ላይ አንዲት የደመና ቁራጭ ሳትኖር፣ ሰማንያ የሚሆን ሰው በቆመበት ሜዳ ላይ።

ፍርሃት ጨለማ ይጠብቃል የሚል ሰው ካለ እኔ ጋ ይምጣ።

ከመጀመሪያው ልጀምር።

ሥራዬ ሸክላ ነው። የሰው ፊት ነው የምሠራው። ጠፍጣፋ ሸክላ ላይ ፊት በቀለም እስላለሁ፣ ላዩን እንደ ብርጭቆ በሚያበራ ቅብ እሸፍነዋለሁ፣ ከዚያ ምድጃ ይገባል። ከአንድ ሺህ ዲግሪ በላይ ተቃጥሎ ከወጣ በኋላ ያን ፊት ዝናብ አያጥበውም፣ ፀሐይም አያደበዝዘውም። ትምህርት ቤት በር ላይ፣ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ፣ መቃብር ላይ... ሰው የመታሰቢያ ሰሌዳ ሲፈልግ እኔ ጋ ይመጣል።

ምድጃውን የሚይዘው የሥራ ባልደረባዬ ነው። ዲግሪ እንለዋለን። ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ረግጦ አያውቅም፤ ስሙ የወጣለት ቀኑን ሙሉ «ስንት ዲግሪ ደረሰ? ዲግሪው ወረደ!» እያለ ስለሚጮህ ነው። ሚስቱ እንኳን ትኩሳት ሲይዛት ከእሱ ትደብቃለች ይባላል። ሃያ ዓመት አብረን ሠርተናል። ከእኔ በላይ የሚያውቀኝ ሰው ቢኖር እሱና አባዬ ናቸው።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ የበረራ ክበቡ ሊቀመንበር ወርክሾፓችን መጣ። ረጅም፣ ሸበቶ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰው ነው። ከብብቱ ሁለት ካርቶን አወጣ። በካርቶኖቹ መሃል አንድ አሮጌ ፎቶ ነበር።

ሳየው ወዲያው አወቅኩት።

ካፒቴኑ ነው።

ከተማችን ውስጥ ያን ፎቶ የማያውቅ የለም። የቆዳ ኮፍያ። ግንባር ላይ የተሰቀለ የአብራሪ መነጽር። ደረት ላይ የተኛ ነጭ ስካርፍ። በትከሻው በኩል የአውሮፕላኑ ጠርዝ፤ ከጀርባው ባዶ ሰማይ ብቻ። ተራራችንን በአውሮፕላን ለመሻገር የተነሳ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ ተነሳ፣ ተራራው ጀርባ ገባ... በዚያው ቀረ። አውሮፕላኑም አልተገኘም።

«ስልሳኛ ዓመቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው» አለኝ ሊቀመንበሩ። «የክበቡ ግድግዳ ላይ ሰሌዳ ልንሰቅልለት አስበናል። አጎቴ ነው፤ የአባቴ ታላቅ ወንድም።»

«እኔ የማን ልጅ እንደሆንኩ ያውቃሉ?»

ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«የቀሪው ልጅ ነዎት» አለና ወዲያው ደነገጠ። «ይቅርታ... የመካኒኩ ማለቴ ነው።»

ቀሪው። አባቴን ከተማው የሚጠራው እንዲህ ብሎ ነው።

አባዬ የካፒቴኑ መካኒክ ነበር። አውሮፕላኑ ሁለት መቀመጫ ነበረው፤ የፊተኛው የካፒቴኑ፣ የኋለኛው የአባዬ። ያን ቀን አባዬ አልሄደም። ከተማው «ፈርቶ ቀረ» አለ። «እሱ አብሮ ቢሆን ሞተሩን ያስተካክለው ነበር» አለ። ስልሳ ዓመት ሙሉ ይህንኑ አለ። እኔ ትምህርት ቤት እያለሁ ልጆቹ እጃቸውን እንደ ክንፍ ዘርግተው በዙሪያዬ እየሮጡ «አንቺስ ትሄጃለሽ ወይስ ትቀሪያለሽ?» ይሉኝ ነበር።

ለምን እንደቀረ አንድም ቀን አልነገረኝም። እኔም ጠይቄው አላውቅም።

«ሌላ ሰው ይፈልጉ» ልል አፌን ከፈትኩ።

ከዚያ እልህ ያዘኝ።

«እሠራዋለሁ» አልኩ። «እስከ ዛሬ ከሠራሁት ሁሉ አስበልጬ። ማንም ተነስቶ የቀሪው ልጅ እጇ ተንቀጠቀጠ እንዳይል።»

ለአባዬ ግን አልነገርኩትም።

አራት ቀን ሳልኩት። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ቀለሙን ከራሴ አመጣሁ፤ ለኮፍያው ቡናማ፣ በትከሻው በኩል ለምትታየው የአውሮፕላን ጠርዝ ሰማያዊ። ከሥር ሊቀመንበሩ የሰጠኝን ጽሑፍ ጻፍኩ።

«ተራራውን ብቻውን የደፈረ።»

ብቻውን የሚለውን ቃል ስጽፍ ጥርሴን ነክሼ ነው።

ሰሌዳው ምድጃ ገባ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ምድጃው ሲበርድ ዲግሪ በሩን ከፈተ፣ ሰሌዳውን በጓንት አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ።

ሁለታችንም ጎንበስ አልን።

ስካርፉ ደረቱ ላይ አልነበረም።

ወደ ኋላ ተዘርግቶ ይውለበለባል... ፊት ለፊቱ ነፋስ የሚነፍስበት ይመስል።

«ቀለም ፈሶ ነው» አለ ዲግሪ።

«ቀለም ሲፈስ ወደ ታች ነው የሚፈሰው።»

ራሱን አከከ። «እሱስ... ልክ ነሽ።»

ሌላም ነገር ነበር። ያን ቀን አብረው የተቃጠሉ ስድስት ትንንሽ ሰሌዳዎች ነበሩ። ከቀትር በኋላ ሁሉም እንደ ድንጋይ ቀዘቀዙ። የካፒቴኑ ግን አልቀዘቀዘም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ልወጣ ስል መዳፌን ፊቱ ላይ አሳረፍኩ።

ይሞቃል። ትኩሳት እንደያዘው ሰው ግንባር።

ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ አስደገፍኩትና ሁለተኛ ሰሌዳ ጀመርኩ። በዚህኛው ተጠነቀቅኩ። ምድጃ ከመግባቱ በፊት በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። ስካርፉ ደረቱ ላይ ነው። ዓይኑ ቀጥ ብሎ ያየኛል። ጽሑፉ ሙሉ ነው። ዲግሪንም አሳየሁት።

«መሰከርኩ» አለ እየሳቀ። «ከዚህ በኋላ ቢለወጥ ምድጃውን ጠበል እንወስደዋለን።»

በማግስቱ በሩን ሲከፍተው መጀመሪያ የመጣው ሽታ ነው።

የተቃጠለ የሞተር ዘይት።

ዲግሪ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ምድጃችን የኤሌክትሪክ ነው። አንዲት ጠብታ ዘይት ገብታበት አታውቅም።

ሰሌዳውን አወጣው።

ስካርፉ ይውለበለባል። ግን ዓይኔ እዚያ አልቆየም። ካፒቴኑ አንገቱን አዙሯል። በትከሻው ላይ አሻግሮ... ወደ ኋላው ያያል። ባዶ ሰማይ በነበረበት ቦታ ላይ ጥቁር፣ ክብ የሆነ ጠርዝ ወጥቷል። ውስጡ የቆዳ መደገፊያ ይታያል።

ከሥር ያለውን ጽሑፍ አነበብኩት።

«ተራራውን        የደፈረ።»

ብቻውን የሚለው ቃል የለም። ያለበት ቦታ ንጹሕ፣ ነጭ፣ የሚያበራ ነው። ተፍቆ ቢሆን ጭረት ይኖረው ነበር። ጭረት የለውም።

ዲግሪ ቆቡን አወለቀ።

«ስሚ አንቺ ሴትዮ» አለኝ። «ቀለም ይፈሳል። ቀለም ይደበዝዛል። ቀለም ይፈነዳል። ሃያ ዓመት ሁሉንም አይቻለሁ። ቀለም አንገቱን አዙሮ ሲያይ ግን አላየሁም።»

«ኋላው ያለው ምንድን ነው?» አልኩት በሹክሹክታ።

«መቀመጫ ነው።»

«ባዶ ነው?»

ጎንበስ ብሎ አየ። ብዙ ቆየ።

«እስካሁን...» አለ።

ግድግዳ ላይ ያስደገፍነውን የመጀመሪያውን ሰሌዳ አዞርነው። እሱም አንገቱን አዙሮ ነበር።

ያን ቀን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሳይሆን ቤት ገባሁ።

አባዬ ሰማንያ አምስት ዓመቱ ነው። ያለ ሰው ድጋፍ መቆም ካቃተው ሦስት ዓመት ሆኖታል። ልብሱን የማለብሰው እኔ፣ ጫማውን የማስርለት እኔ። ጧት ስወጣ ሹራብ አልብሼው ነበር።

ክፍሉ ስገባ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሏል።

የመካኒክ ቱታውን ለብሶ።

ያ ቱታ ሳጥን ሥር ከታጠፈ ስንት ዘመኑ። አሁን እስከ አንገቱ ተቆልፏል። ጫማው ታስሯል። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በመስኮቱ ወደ ተራራው ያያል።

«አባዬ! ማን አለበሰህ?»

«እኔ እንጃ። ሸለብ አድርጎኝ ስነቃ ለብሼዋለሁ።»

«ማን መጣ?»

«ዝም በዪ» አለኝ በሹክሹክታ። «ሰውዬው ሞተር እያሞቀ ነው።»

ጆሮዬን ጣልኩ። የጎረቤት ውሻ። የቧንቧ ውሃ። ከዚያ... ከሩቅ፣ ከተራራው በኩል... ትር ትር ትር የሚል ነገር። ልክ ሰማሁት ስል ጠፋ።

አባዬ እጄን ያዘና ጣቶቼን ገለጣቸው።

«ፊቱን እየሠራሽ ነው አይደል?»

«ማን ነገረህ?»

«ጥፍርሽ ሥር ያለው ሰማያዊ። የአውሮፕላናችን ሰማያዊ ነው። እኔ ራሴ ነኝ የበጠበጥኩት። ያን ቀለም ሌላ ቦታ አይቼው አላውቅም።»

ቀለሙን ከራሴ ነበር ያመጣሁት።

ከዚያ በኋላ ምን እደብቃለሁ? ሁሉንም ነገርኩት። ስካርፉን፣ ዓይኑን፣ የጠፋውን ቃል፣ መቀመጫውን። አንድም ጊዜ አላቋረጠኝም። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«መቀመጫው ላይ ቀበቶ አለ?»

«አለ። ተፈትቷል።»

«በየት በኩል ነው የተንጠለጠለው?»

«በግራ። ወደ ውጭ።»

ዓይኑን ጨፈነ።

«እኔ ነኝ የፈታሁት» አለ።

ስልሳ ዓመት የያዘውን ነገር የነገረኝ ያኔ ነው።

«ተሳፍሬ ነበር ልጄ። ይህን ዛሬ ማንም አያነሳውም። ተሳፍሬ፣ ቀበቶዬን አስሬ፣ ሞተሩ ተነስቶ... ድምፁን ሰማሁት። የሞተር ድምፅ ለእኔ እንደ ልጅ ለቅሶ ነው፤ ምን እንደጎደለው አውቃለሁ። ቀበቶዬን ፈትቼ ወረድኩ። አየሁት። የግራው ዘይት ቱቦ ተሰንጥቋል። የፀጉር ታህል ናት ስንጥቋ። ካፒቴን፣ ዛሬ አይነሳም አልኩት። ሕዝቡ ሁሉ ቆሞ እያየኝ? አለኝ። ነገ እንሂድ አልኩት። ግባ አለኝ። አልገባም አልኩት። ሳቀብኝና ሄደ።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«ተናግሬያለሁ። ማን ሰማኝ? ጀግናው የጠፋበትን ሕዝብ ‹ቱቦ ተሰንጥቆ ነበር› በዪው እስቲ። ጀግና በቱቦ አይሞትማ!»

ደሜ ፈላ።

«ነገ ጧት ሁለቱንም ሰሌዳ በመዶሻ አደቃቸዋለሁ።»

«አታደርጊውም» አለ ቆጣ ብሎ። እንዲህ ሲቆጣ ከሰማሁት ዘመን የለውም። «ብትሰብሪውማ ፈሩ ይላል። ስቀሉት። በዕለቱም ወስደሽ ፊቱ አቁሚኝ። ስልሳ ዓመት ሙሉ ግባ እያለ ጠይቆኛል፤ ፊት ለፊት እመልስለታለሁ።»

በማግስቱ ሊቀመንበሩ መጥቶ ሁለተኛውን ሰሌዳ አየ። በጣም ወደደው።

«ዓይኑ ሕይወት አለው!» አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አነበበ። «ብቻውን የሚለውስ?»

«ምድጃው በላው» አልኩት።

ትንሽ አሰበና «ይሁን፤ ‹ተራራውን የደፈረ› ይበቃል» ብሎ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ወሰደው። ሲያቅፈው «ከምድጃ አሁን ነው እንዴ የወጣው?» አለኝ። ዲግሪ ፊቱን አዞረ። የመጀመሪያውን ሰሌዳ የዚያኑ ዕለት ዲግሪ ወርክሾፑ ጓሮ ቀበረው።

እስከ ሐሙስ የነበሩትን ቀናት እንዴት እንዳለፍኳቸው አላውቅም።

ቱታውን አውልቄ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። ጧት አባዬ ለብሶታል። ቁም ሳጥኑ እንደተቆለፈ ነው። ቁልፉም ኪሴ ውስጥ ነው። እንደገና አወለቅኩ፣ እንደገና ቆለፍኩ። እንደገና ለብሶት አገኘሁት። በአራተኛው ቀን ተውኩት።

ይህስ ይሁን። የባሰው ሌላ ነው።

አባዬ እየቀለለ መጣ።

አልከሳም። ፊቱ ያው ነው፣ ክንዱ ያው ነው። ግን ከአልጋ ወደ ዊልቸር ሳነሳው ወገቤን የሚቆርጠኝ ሰውዬ... መጀመሪያ ቀን የአሥር ዓመት ልጅ ያህል ሆነብኝ። በሦስተኛው ቀን የሕፃን ያህል። ረቡዕ ዕለት በአንድ እጄ አነሳሁት። ትራሱ ላይ ሲተኛ ትራሱ አይጎደጉድም።

«አባዬ... ምን እየሆንክ ነው?»

«እያዘጋጀኝ ነው» አለ። «አውሮፕላን ላይ ክብደት አይወደድም።»

ከዚያ ያቺን የድሮ ሳቁን ሳቀ። «ግድ የለሽም። ክብደቴን ይውሰድ። አፌን አልወሰደም።»

ሐሙስ ደረሰ።

ሜዳው የድሮው መንደርደሪያ ነው። በአንዱ ጥግ የክበቡ ነጭ ግድግዳ። ሰሌዳው በሰማያዊ ጨርቅ ተሸፍኗል። ሰው ሁሉ ደህና ደህናውን ለብሷል። አባዬን በዊልቸር እየገፋሁ ስገባ ወሬው ቆመ። ቱታውን ሲያዩ አንዳንዶቹ ተጠቃቀሱ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ ድምፁን ሳይቀንስ «ዛሬስ ምን ሊሠራ መጣ?» አለ።

አባዬ ዞር ብሎ አየውና «የቀረችኝ ሥራ አለች» አለው።

ፊት አቆምኩት። የዊልቸሩን ፍሬን በሁለቱም በኩል ያዝኩ። ደግሜ አረጋገጥኩ። ዲግሪ በቀኝ በኩል ቆመ።

ሊቀመንበሩ ንግግሩን ጨረሰ። ሰዓቱን አየ። ሦስት ሰዓት።

ጨርቁን ሳበው።

ጭብጨባ ተነሳ... መሃል ላይ ግን ተንጠባጥቦ ቆመ።

ነፋስ መጥቷል። ከየት እንደሆነ አላውቅም። የሜዳው ሣር አልተነቃነቀም፣ ዛፎቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል። የሰዎቹ ኮፍያ ግን፣ የሴቶቹ ነጠላ፣ የሊቀመንበሩ ወረቀት... ሁሉም ወደ ግድግዳው ይሳባል።

ከዚያ ድምፁ።

ትር... ትር... ትር ትር ትር ትር...

ከግድግዳው ውስጥ ነው የሚመጣው። እግሬ ሥር ያለው መሬት ይንቀጠቀጣል።

ሰሌዳውን አየሁት። ካፒቴኑ እንደዞረ ነው። አሁን ግን የኋለኛው መቀመጫ ባዶ አይደለም። አንድ ትከሻ ወጥቷል። የቱታ ኮሌታ። ወረቀት ላይ ውሃ እንደሚሰርገው ቀስ እያለ... ከትከሻ ወደ አንገት፣ ከአንገት ወደ አገጭ...

የአባዬ አገጭ ነው።

ዊልቸሩ ተንቀሳቀሰ።

ፍሬኑ እንደተያዘ ነው! ጎማዎቹ አይሽከረከሩም፤ አፈሩን እያረሱ ነው የሚንሸራተቱት። እጀታውን በሁለት እጄ ያዝኩ። ዲግሪ በጎን ተንጠለጠለ። «ያዥ! ያዥ!» ይላል። የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ተነሱ። አንድ ስንዝር። ሁለት ስንዝር።

ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ። ማንም አልረዳንም።

ግድግዳው ሥር ስንደርስ ግራ እጄን ከእጀታው ለቅቄ ሰሌዳው ላይ አሳረፍኩ። ፊቱ ላይ። መዳፌ ሲጠበስ ሰማሁት። አላነሳሁትም።

«አባቴን አልሰጥህም!» አልኩት። «የሠራሁህ እኔ ነኝ! ሰማህ? በእጄ የሠራሁህ እኔ ነኝ!»

ያኔ አባዬ ተናገረ።

አልጮኸም። ሞተር ሥር ሲሠራ የኖረ ሰው ድምፁ በሞተር ድምፅ መሃል እንዴት እንደሚሰማ ያውቃል።

«ካፒቴን። አጥፋው።»

ትር ትር ትር ትር...

«ያኔ ያልኩህን ነው ዛሬም የምልህ። የግራው ቱቦ ተሰንጥቋል። አልገባም። ስልሳ ዓመት ፈሪ አስብለኸኛል፤ ገና ስልሳ ዓመት አስብለኝ፤ አልገባም። መካኒኩ እኔ ነኝ። እኔ አይነሳም ካልኩ አይነሳም። አጥፋው!»

ሞተሩ እንደ በሽተኛ ሳለ።

አንዴ። ሁለቴ። ተንተፋተፈ...

ጸጥ አለ።

ዊልቸሩ ዷ ብሎ መሬት ላይ ወደቀ። አባዬ ላይ ክብደቱ ሲመለስ ታወቀኝ፤ መቀመጫው ሲጥጥ አለ፣ የኋላ ጎማዎቹ አፈር ውስጥ ሰመጡ። ሰሌዳው ላይ ያለው አገጭ ደበዘዘ። አንገቱ፣ ኮሌታው፣ ትከሻው... ሁሉም ጠፋ።

ኮፍያውን ለማንሳት እንኳን የጎነበሰ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ከሰሌዳው ግራ ጠርዝ ሥር አንዲት ጥቁር ጠብታ ብቅ አለች። ነጩ ግድግዳ ላይ ወረደች። ሌላ ተከተለች። ከዚያ ቀጭን መስመር ሆኖ ፈሰሰ።

ሊቀመንበሩ ቀረበ። በጣቱ ነካው፣ አሸተተው።

«ዘይት ነው...» አለ። ወደ አባዬ ዞረ። «ዘይት ነው።»

«ከመገጣጠሚያው በታች ነው የሚያፈሰው» አለ አባዬ። «ነግሬው ነበር።»

ያ ረጅም ሰው ከነሙሉ ልብሱ አፈሩ ላይ ተንበረከከ። «ይቅር ይበሉን» አለ። «እኔም ልጅ ሆኜ ቀሪው እያልኩ ስሮጥ ነበር።»

አባዬ ትንሽ አየው።

«ተነሥ ልጄ፤ ሱሪህ ቆሸሸ። ከዛሬ ጀምሮ ግን መካኒኩ ትሉኛላችሁ።» ከዚያ አንገቱን አዙሮ ያን ሽማግሌ ፈለገው። «አንተም ጭምር!»

ዊልቸሩን አዙሬ መሃል ለመሃል ገፋሁት። ሰዉ መንገድ ለቀቀ። አንዱ ኮፍያውን አወለቀ። ቀጥሎ ሌላው። መዳፌ እሳት ሆኖ እንባዬ ይወርዳል፣ አንገቴ ግን ቀና ብሏል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ቀና ብዬ ሄጄ አላውቅም።

ያን ቀን አመሻሹ ላይ ጥሩ ዝናብ ጣለ።

በማግስቱ፣ ዓርብ ጧት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ የተጠቀለለ እጄን ይዤ ለአባዬ የሚሆን ሻይ ለማፍላት ተነሳሁ። ከወጥ ቤቱ መስኮት ጓሮው ይታያል። ጎመን ልተክልበት ቆፍሬ ያለሰለስኩት መሬት ነው።

መሃሉ ላይ ሁለት ረጃጅም መስመሮች ነበሩ።

ወጣሁ። የጎማ ዱካ ነው። ሁለት ሰፋፊ፣ ከኋላቸው በመሃል አንድ ቀጭን... የአውሮፕላን ጅራት ጎማ የሚተወው ዓይነት። ከአጥሩ በኩል አልመጣም። መሬቱ መሃል ላይ ከምንም ተነስቶ ይጀምራል፣ አሥር ርምጃ ያህል ሄዶ ይቆማል። ዙሪያውን ያለው አፈር እንደለሰለሰ ነው።

መስመሮቹ ካበቁበት የቦት ጫማ ዱካ ይጀምራል።

ቆጠርኩት። አሥራ አንድ ነው። ሁሉም ወደ አባዬ መስኮት ያቀናሉ።

የሚመለስ አንድም የለም።

ሮጥኩ። በሩን በትከሻዬ ከፈትኩት።

አባዬ አልጋው ላይ ትራሱን ተደግፎ ቁጭ ብሏል። ሹራቡን ነው የለበሰው። ትራሱ ከጀርባው በደንብ ጎድጉዷል። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

«አባዬ! ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ» አለ በዝግታ። ዓይኑ እኔ ላይ አልነበረም። «እኔ አልገባም አልኩት አይደል? እሱ ወረደ።»

ዓይኑን ተከትዬ አየሁ።

ጥግ ላይ ያለው የእንግዳ ወንበር ወደ አልጋው ተጠግቷል። ማንም አልተቀመጠበትም። ከፊቱ ወለሉ ላይ እርጥብ ጭቃ አለ። የስፖንጁ መቀመጫ ግን መሃሉ ወደ ታች ጎድጉዷል...

እያየሁት ስፖንጁ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ተነሳ።